ለአባቴ መቃብር ስለተሰጠው የቤት ቁጥር

ለጓድ ገበየሁ
የቀበሌያችን ሊቀ መንበር
ባሉበት

ጓድ ሊቀ መንበር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ሙሉ ጤንነት እመኝልዎታለሁ። ምኞቴ ከልብ መሆኑን እንዲያምኑልኝ እለምናለሁ፤ በዚህ ቀበሌ የእርስዎ ጤና ሲታወክ የእኛም እንቅልፍ አብሮ እንደሚታወክ አምና ራስ ምታት ይዞዎት በሰነበተበት ወቅት ሁላችንም አይተናል። የባለቤትዎ፣ የልጆችዎ፣ ከደጃፍዎ የማይለዩት የአብዮት ጥበቃ ጓዶችም ጤና እንደዚሁ የተሟላ ይሁን። «ክቡር» ብዬ ያልጀመርኩት አክብሮት አንሶኝ ሳይሆን ቃሉ ከድሮው ሥርዓት ጋር መቅረቱን ስለማውቅ ነው፤ ከሰላምታው የጎደለውን ክብር በየመስመሩ ለመተካት እሞክራለሁ።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ ለጸሐፊዎ ማስረከብ ሲገባኝ በኅብረት ሱቃችን ደጃፍ በቆመው የሂስ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት፣ በእሑዱ ስብሰባ «ቅሬታ ያለው ስሙን ጽፎ በግልጽ ይለጥፍ፤ ማንም አይነካውም» ብለው ስላሰሙን ነው። ቀድሞ ማቆም የፈለገ ሰው ስላልነበረ ጭብጨባው ረዥም ነበር፤ እኔም አጨብጭቤያለሁ። ከዚያ ወዲህ ሰሌዳው ባዶውን ሲሰነብት ሳይ፣ ቃልዎን የሚያምን ሰው የጠፋ እንዳይመስልብዎ ሰጋሁ። ለስኳር የተሰለፈ ሰው ሁሉ ሊያነበው መቻሉም አንድ ጥቅም አለው። ብዙ ሰው ያነበበው ወረቀት በቀላሉ አይጠፋም፤ የጻፈውም ሰው እንደዚያው ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ነገሩን ለማያውቁ ሰልፈኞች ከመነሻው ልግለጽ። እኔ በአንድ ማተሚያ ቤት በአራሚነት የምሠራ፣ ከባለቤቴ ከአስቴርና ከልጆቻችን ጋር ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ ተራራው በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ በቀበሌው ቤት ተከራይቼ የምኖር ሰው ነኝ። ዘንድሮ መንግሥት በጉርድ ሾላ ዳርቻ የቤት መሥሪያ ቦታ መራኝ። የቦታውን ወረቀት ይዤ ለቤት መሥሪያ ብድር ወደሚሰጥ ባንክ ሄድኩ፤ የባንኩም ሠራተኛ የደመወዜን ማስረጃ ገልብጦ አይቶ ብድሩ በመርህ ደረጃ የተፈቀደልኝ መሆኑን፣ የቀረኝም ሌላ ቤት እንደሌለኝ የሚያረጋግጥ የቀበሌ ደብዳቤ ብቻ መሆኑን ነገረኝ። አስቴር በዚያው ቀን ገና መሠረቱ ላልተቆፈረ ቤት የመጋረጃ ቀለም መረጠች። ወደ እናንተ ደጃፍ የመጣሁት በዚህ ደስታ ነው።

የቤት ጉዳይ ኮሚቴው ተጠሪ ጓድ ኤጀታ በትሕትና ተቀብለውኝ፣ በእኔም ሆነ በቤተሰቤ ስም ግድግዳ፣ ጣሪያና በር ያለው ነገር በሌላ ቦታ ይገኝ እንደሆነ ጠየቁኝ። የለም አልኩ። ደረጃውን ወርጄ ከጨረስኩ በኋላ ግን ፍርሃት ያዘኝ። ትርፍ ቤት የደበቀ ሰው ምን እንደሚባል አውቃለሁ፤ ከተባለ በኋላ ምን እንደሚሆንም አውቃለሁ። ስለዚህ ተመልሼ ወጣሁና፣ ለጥንቃቄ ያህል፣ በእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ቅጥር ግቢ በሟቹ አባቴ በአቶ ሀብተወልድ መቃብር ላይ የተሠራች አንዲት ትንሽ ቤት መኖሯን አስመዘገብኩ። ጓድ ኤጀታ ለሐቀኝነቴ አመሰገኑኝ። በዚህ ሁሉ ነገር ውስጥ የእኔ ጥፋት ይኸው ነው፤ ቅሬታዎቼ ከዚህ ቀጥሎ ናቸው።

1ኛ. ጓድ ኤጀታ ሁለት የአብዮት ጥበቃ ጓዶችን አስከትለው፣ በዚያ ጭቃ፣ በባሕር ዛፉ መካከል እስከ ኪዳነ ምሕረት ድረስ በእግር ወጥተው የአባቴን መቃብር በሜትር ስለለኩ ቤተሰቤ ውለታውን አይረሳም፤ ከዘመዶቻችን መካከል እንኳ ለተዝካሩ ያን ዳገት የወጡት ጥቂቶች ነበሩ። በመዘገቡትም ላይ ስሕተት አላገኘሁም። ግድግዳው የድንጋይ፣ ጣሪያው የቆርቆሮ፣ በሩ የጽድ፣ አንድ መስኮት ያለው፣ ከውጭ የሚቆለፍ፣ ሰው የማይኖርበት፣ ለሁለት ሰው የሚበቃ። ቅር ያለኝ ከሥር «ሳይመዘገብ የተደበቀ ትርፍ ቤት» የሚል ተጽፎ በሩ ላይ በቀይ ቀለም የቤት ቁጥር መቀባቱ ነው። አባቴ ድንጋይ ጠራቢ ነበር። ከዚህ ተራራ ሥር የሚታዩትን የመኳንንት ቪላዎች ድንጋይ ሲጠርብ ኖሮ፣ በሰው መሬት ላይ በቆመች ጎጆ ውስጥ ሞተ። ያቺን የመቃብር ቤት ከሌላ ሥራ በተራረፈ ድንጋይ የሠሩለት የሙያ ጓደኞቹ ናቸው። አብዮቱ የመጣው እንደ እርሱ ላለ ሰው መሆኑን በየስብሰባው ሰምተናል፤ በሕይወቱ ያላገኘውን የቤት ቁጥር በሞቱ ስላገኘ፣ እርሱ ባይሰማ እንኳ፣ እኛ ልጆቹ እናመሰግናለን።

2ኛ. የመቃብሩ ቤት ቁልፍ ያለው ታናሽ ወንድሜ ወልደ ኢየሱስ ዘንድ ነው። በየዓመቱ ለአባታችን መታሰቢያ ወጥቶ የሚጠርገው እርሱ ነው። ጓዶቹ ከእንጦጦ ሲመለሱ ከሱቁ ሰልፍ መካከል አግኝተውት ቁልፉን እንዲያስረክብ ጠየቁት። ወንድሜ ደግሞ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ቀልድ ሲመጣበት ማኖሪያ የሌለው ሰው ነው፤ በአባታችን ለቅሶ ላይ እንኳ እድርተኛውን አስቆ እናታችን ልትረግመው ምንም አልቀራት። «ጓድ፣ ቁልፍ ምን ያደርግላችኋል? ባለቤቱ ውስጥ ነው፣ አንኳኩ» አላቸው። ሰልፈኛው ሳቀ። ከአብዮት ጥበቃ ጓዶች መካከልም አንዱ ስቋል ይባላል፤ የትኛው እንደሆነ ያየ ሰው የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ወልደ ኢየሱስ ከዚያው ከሰልፉ ወደ ቀበሌው እስር ቤት ተወሰደ። ቀልዱ ቦታውን የሳተ መሆኑን አምናለሁ፤ በሕዝብ ፊት ሂስ ይደረግበት፣ ግለሂስም ያድርግ፣ ካስፈለገ ደግሞ ይድገመው። እስከዚያው ግን በየትኛው ክፍል እንዳለና በምን እንደተከሰሰ ቢነገረን፣ ስንት ብርድ ልብስ እንደምንልክለት ለመወሰን ይረዳን ነበር።

3ኛ. ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ሦስተኛው ነው። አስቴር በየቀኑ በምሳ ሰዓት ለወልደ ኢየሱስ ምግብ ታደርሳለች። ሳህኑ ተጠርጎ ይመለስ ነበር። አንድ ቀን እንዲያውም በጠባቂው በኩል «ጨው ጎድሎታል በሏት» ብሎ ላከባት፤ ጨው በራሽን በምናገኝበት ወር ይህን ማለቱ አናደዳት፤ እያጉረመረመች ስትስቅ አመሸች። ማክሰኞ ዕለት ጠባቂው ሳህኑን ሳይከፈት መለሰላትና «ከነገ ጀምሮ አታምጪ» አላት። ቀበሌው ለባለቤቴ ድካም ያሳየውን ርኅራኄ በታላቅ ምስጋና ተቀብለናል። ይሁን እንጂ ወንድሜ ሊፈታ ነው? ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል? ወይስ ከዚህ በኋላ ምግብ የማያስፈልገው ሆኗል? መመሪያው ይህን ስላላብራራልን ቤታችን ውስጥ ምግብ የሚወርድለት ሰው የለም።

ጎረቤታችን ወይዘሮ ኩልሱም ይህንኑ ቃል አምና፣ ከዚሁ በር ላይ፣ ስለ ልጃቸው ሰምተውት ነበር። በማግስቱ የተባሉትን ትተው ሠርተው ወሰዱ፤ የወሰዱትን ይዘው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ የልጃቸውን ወሬ የነገራቸው ሰው የለም። የእኛን እንደሰሙ መጥተው አስቴር አጠገብ ተቀመጡ። ሊሄዱ ሲነሡ «ሳህኑን መለሱላችሁ?» ብለው ጠየቁ። መልሰዋል አልናቸው። «የእኔንም መልሰውት ነበር» ብለው ወጡ። አስቴር ከዚያች ሰዓት ወዲህ ሳህኑን ከጠረጴዛው ላይ አታነሣም፣ እኛም እንድናነሣ አትፈቅድም።

4ኛ. አራተኛውን ጽፌ ነበር፤ አስቴር አንብባ ሰርዛዋለች። የተሰረዘውን ለማንበብ ወረቀቱን ወደ ብርሃን ማንሣት አይጠቅምም፤ አጥብቃ ነው የሰረዘችው።

ጓድ ሊቀ መንበር፣ ትናንት የመጥሪያ ወረቀት ደርሶኛል። ሰኞ ጠዋት የመቃብሩን ቤት ቁልፍ ይዤ እንድቀርብ ታዝዣለሁ። ትእዛዙን ለመፈጸም ዝግጁ ነኝ፤ ነገር ግን ቁልፉ በወንድሜ ኪስ ውስጥ ነው፤ ወንድሜ ደግሞ እርስዎ ዘንድ ነው። ኪሱ ተፈትሾ ቁልፉ ካልተገኘ፣ ወይም ኪሱ ተገኝቶ እርሱ ካልተገኘ፣ ሰኞ ምን ይዤ እንደምመጣ እንዲያስረዱኝ እለምናለሁ። ጎረቤቶቼ መጥሪያው በደረሰኝ ሰዓት አውቀዋል። ጠዋት ጠዋት ደጃፌ ቆመው «እንደምን አደርክ» የሚሉኝ ሰዎች ዛሬ መሬት መሬት እያዩ አለፉ። አልፈርድባቸውም፤ አምና እኔም በወይዘሮ ኩልሱም ደጃፍ ያለፍኩት እንደዚያው ነበር።

ስለዚህ በዚህ ሰሌዳ ላይ፣ በሰልፈኛው ፊት፣ የሚከተለውን አስታውቃለሁ። የብድር ጥያቄዬን ትቻለሁ። ነገ ባንኩ እንደተከፈተ ሄጄ ይህንኑ በጽሑፍ እሰጣለሁ። የጉርድ ሾላውን ቦታ ለሚገባው እመልሳለሁ፤ መጋረጃውም ተትቷል። የአባቴ መቃብር ትርፍ ቤት ነው ከተባለ ይወረስ፤ ኪራዩ ይተመን፤ ቤተሰባችን ከአባቴ ጋር ተማክሮ ይከፍላል። ቀበሌው ቤት እንደሌለኝ የሚገልጽ ደብዳቤ እንዲጽፍልኝ ከእንግዲህ አልጠይቅም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ወልደ ኢየሱስ ወደ ቤቱ ይመለስ። ቀልዱን ስለ እርሱ እኔ እመልሳለሁ፤ እንዲያውም የሳቅነውን ሁሉ።

ስለ ጽሕፈቴ መንጋደድ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ፤ ጠረጴዛችን አንዱ እግሩ አጭር ስለሆነ ይነቃነቃል።

ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው ለማንበብ ከአብዮታዊ ሥራዎ ላይ ለሚሰጡን ደቂቃ፣ ካነበቡም በኋላ ለሚያሳዩን ትዕግሥት፣ ማንም አይነካውም ብለው ስለሰጡን ቃልም፣ ውለታዎን በዕድሜዬ ርዝመት ልክ የማልረሳ፣ ዕድሜዬም በእጅዎ መሆኑን የማውቅ፣ ትሑት የቀበሌዎ ነዋሪ፣

ዓምደ ሚካኤል ሀብተወልድ
ኅዳር 1971 ዓ.ም.

አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት

ግልባጭ፦
ለስኳር ሰልፈኞች በሙሉ
ለአቶ ሀብተወልድ፣ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት፣ ቁጥሩ በሩ ላይ ያለ

ማሳሰቢያ፦ ጓድ ኤጀታ የአባቴ ቤት ለሁለት ሰው እንደሚበቃ መዝግበዋል። ልኬታቸው ትክክል ነው፤ እኔና ወልደ ኢየሱስም ሁለት ነን። ሰኞ የሚሰጠው ውሳኔ የምንፈራው ዓይነት ከሆነ፣ ሁለታችንም ወደዚያው ቤት እንድንላክ በትሕትና አመለክታለሁ። ወይዘሮ ኩልሱም የልጃቸው ቤት የት እንደሆነ እስከ ዛሬ አያውቁም። አስቴር ግን የእንጦጦውን ቁጥር ከአሁኑ በቃሏ ይዛዋለች።