መኪናዋ የቆመችባቸው ስድስት ደጆች

ቡራዩ፣ ገፈርሳ
እሑድ የካቲት 6 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለኤቢሴ፣

አካም ጅርታ የኔ ልጅ? የሕግ ትምህርቱ እንዴት ነው? የአርባ ምንጭ ሙቀትስ ለመድሽው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን በሕይወት አለን። ቡሬዋ ላም ወልዳለች፤ ጥጃዋ ቁርጥ እናቷን ናት። የእናትሽም ጉልበት ብርድ ሲሆን ይነሣባታል እንጂ ደህና ናት። ደብዳቤ መጻፍ የተወ ሰው ዛሬ ወረቀት ሲይዝ መደንገጥሽ አይቀርም። ነገሩ በስልክ የሚነገር ስላልሆነ ነው። ይህን የሚያደርስልሽ የአውቶቡስ ሾፌሩ አሥራት ነው፤ የድሮ ባልንጀራዬ ነውና ምሳ ሳትጋብዢ እንዳትሸኚው።

ጂሬኛ ለሥራ ጅማ ሄዷል ያልኩሽ ውሸት ነው። ወንድምሽ ከታሰረ ዛሬ ሃያ ሦስት ቀኑ ነው።

ነገሩ የጀመረው የታችኛው መንደር እማማ ብርሃነሽ ያረፉ ጊዜ ነው። የእድራችን መጋዘን የነበረበት መሬት ለባለሀብት ከተሰጠ ወዲህ ዕቃው በየአባላቱ ቤት ተበትኖ እንደሚቀመጥ ታውቂያለሽ፤ ድንኳኑ ካንዱ፣ ቋሚው ካንዱ፣ አግዳሚ ወንበሩና ብረት ድስቱ ደግሞ ከሌላው። ስለዚህ ጂሬኛ በማለዳ አይሱዙዋን አስነሥቶ ስድስት ደጅ እየቆመ ሰበሰበ። ጓሮ ቤታችንን የተከራየው ታመነ፣ ያ የብሎኬት ፋብሪካ ሠራተኛው የወላይታ ልጅ፣ አብሮት ጫነ። በዚያው ጧት ወጣቶች የአምቦን መንገድ በድንጋይ ዘግተው ኖሮ፣ ፖሊስ ድንጋይ ያመላለሰ ነጭ አይሱዙ ይፈልግ ነበር። እኔ በዚህ አገር ነጭ ያልሆነ አይሱዙ ስንት እንዳየሁ በጣቴ እቆጥራለሁ። በማግስቱ ጂሬኛን ከነመኪናዋ ወሰዱት።

መኪናዋ ላይ ያለውን ጂፒኤስ ታስታውሺዋለሽ። የበፊቱ ሾፌር ናፍጣ እየቀዳ ሲሸጥብኝ ያስገጠምኩት ነው፤ የት እንደሄደች፣ የት ስንት ደቂቃ እንደቆመች ይመዘግባል። ወንድምሽ መሪውን የተረከበ ሰሞን፣ አሁን ደግሞ እኔን ልትሰልለኝ ነው እያለ ይስቅብኝ ነበር። አንቺ ግን አልሳቅሽም። የሰው መዋያ የራሱ ገመና ነው፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ማንም ሊያየው አይገባም፣ ሕገ መንግሥቱም ይህንኑ ይላል ብለሽ ቁጭ አድርገሽ አስረዳሽኝ። እኔም ይሄ ሕግ የወጣው የሚደብቀው ላለው ሰው ነው ብዬ አለፍኩሽ።

ጂሬኛ በታሰረ በሦስተኛው ቀን ፖሊስ ስድስቱን ቤቶች አንድ በአንድ ዞሮ አባወራዎቹን ወሰደ። አንዱ የጎረቤታችን የደጊቱ ባል ነው። ደጁንና ደቂቃውን ከመዝገቡ ላይ እያነበቡ ነበር የመጡት። አንድ መኪና በጠዋት ስድስት ቤት አምስት አምስት ደቂቃ የምትቆመው ሰው ለአድማ ብትጠራ ነው አሉ። የለቅሶ ዕቃ ነው ብንላቸው፣ የድንኳኑን ቋሚ ቆጥረው ዱላ ነው ብለው ጻፉት። መሣሪያው መቆሟን እንጂ ለምን እንደቆመች አይናገርም።

መኪናዋን መልሰውልናል፤ ጂፒኤሱን ግን እንዳትነካ ብለውኛል። ጂሬኛም አባወራዎቹም ሰበታ ታስረዋል ስለተባለ እሑድ እሑድ ስንቅ እናደርሳለን። የምነዳው እኔ ነኝ። በዚያው በጂሬኛ ቅደም ተከተል በስድስቱም ደጅ እቆማለሁ፤ ሴቶቹ ምሳ ዕቃቸውን ይዘው ይወጣሉ፣ እያንዳንዷም ስትሳፈር ትመርቀኛለች። እኔ ሰዓቴን እያየሁ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ለመነሣት እጣደፋለሁ። ምን እንደሚጠቅመኝ አላውቅም። ዛሬም ምግቡን በር ላይ ተቀበሉን፤ ሰዎቹን ግን አላሳዩንም።

ማን ጠቆመ የሚለው ወሬ መንደሩን አምሶታል። ሰው ሁሉ ታመነን ጠርጥሯል። አብሮ ጭኖ እሱ ብቻ አልታሰረም፤ ደግሞም ከሩቅ የመጣ ነው፣ የሚሟገትለት ዘመድ የለውም። ሰላምታ ነፈጉት፤ ሱቅ ሲገባ ጨዋታ ይቋረጣል። ሐሙስ ከፋብሪካ ሲመለስ ሲሚንቶውን እንኳ ሳይታጠብ መጥቶ ፊቴ ቆመ።

"ጋሼ፣ እኔ እንዳልሆንኩ እርስዎ ያውቃሉ" አለኝ።

"እግዚአብሔር ያውቃል" አልኩት።

ትናንት ፍራሹን ጠቅልሎ፣ ቁልፉን ለእናትሽ አስረክቦ ወጣ። ሱሉልታ ሥራ አገኛለሁ ብሏል አሉ።

ልጄ፣ ለእናትሽ እንኳ ያልነገርኳትን ልንገርሽ። መዝገቡን ማንም አልጠየቀኝም። ጂሬኛ በታሰረ ማግስት እኔው ራሴ ኢንተርኔት ቤት ሄጄ ፕሪንት አስደረግሁት፤ ሁለት ገጽ ነው። መኪናዋ መንገዱ ከተዘጋበት ድርሽ እንዳላለች ያሳያል፣ ልጄን ያስፈታልኛል ብዬ ነው። ይባስ ብዬ፣ የፖሊስ ጣቢያው አዛዥ እንዳይቸገር፣ እያንዳንዱ ደጅ የማን እንደሆነ ከጎኑ በእስክሪብቶ ጻፍኩለት። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፣ አመስግኖም ሸኘኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ገባሁ። ላም ባልዋለበት ኩበት ይለቅማሉ እያልኩ ፖሊሶችን ሳማ የነበርኩት ሰውዬ፣ የዋለችበትን በገዛ ጣቴ አሳየኋቸው። ታመነንም በአንድ ቃል ላድነው ስችል አፌ ተያዘ። አፈርኩ፣ ልጄ። ፈራሁም።

ዛሬ ከሰበታ ስንመለስ ደጊቱ ጋቢና ከጎኔ ተቀምጣ ነበር። ፉሪ ስንደርስ፣ "ኦቦ ኢቲቻ፣ እውነት ቤታችንን ያሳየው ታመነ ይመስልዎታል?" ብላ ጠየቀችኝ። መንገድ መንገዱን እያየሁ ነዳሁ። እሷም ሐዘን የያዘኝ መስሏት ባዶውን ምሳ ዕቃ ጭኗ ላይ አድርጋ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ የተወሰደን ማስረጃ መቃወም ይቻላል ብለሽኝ ነበር። አባት በገዛ እጁ፣ ስም ጽፎበት ወስዶ የሰጠውንስ መጽሐፍሽ ምን ይለዋል? አስተማሪዎችሽን ጠይቂልኝ፤ የማን አባት እንደሆነ ግን አትንገሪያቸው። መልሱንም በአሥራት እጅ ላኪው።

ለፋሲካ ስትመጪ መናኸሪያ ልቀበልሽ አልመጣም፤ በታክሲ ነይ። መኪናዋ አንቺ ባለሽበት እንድትቆም አልፈልግም።

እግርሽ የረገጠው ሁሉ ይለምልምልሽ። መውጣት መግባትሽን ከፈጣሪ በቀር ማንም አይይብሽ።

አባትሽ
ኢቲቻ