እህል አልወርድ ሲለኝ ሰልቪ ያበላችኝ

ጥሩዬ፣ የልጄ እናት፣ እንደምን ከርመሻል ልልሽ ብዕሬን አነሳሁና አፈርሁ። አንቺ ያለሽበት ቦታ ክረምትና በጋ መኖሩን በምን አውቄ! እኛ ግን ከርመናል። ከተለየሽኝ ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። የማርቆስ ዝናብ እንደምታውቂው ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ሳያባራ ይወርዳል፣ እኔም መስኮቱ ሥር ጋቢዬን ተከናንቤ ይህን እጽፍልሻለሁ። ዕድሜ ልኬን የሰው ልጆችን ደብዳቤ አጻጻፍ ሳስተምር ኖሬ ላንቺ አንድም ጽፌ እንደማላውቅ አሁን ነው ትዝ ያለኝ። ምን ላድርግ፣ ሁልጊዜ አጠገቤ ነበርሽ።

የቤቱን ወሬ ላስቀድምልሽ። የውጭውን በር ሰማያዊ አስቀባሁት፤ ቀለሙን እንደማትወጂው አውቃለሁ፣ ሱቁ ግን ሌላ አልነበረውም። ጌሾሽ አድጎ አጥሩን አልፏል። ጎረቤት እየመጣ ሲቀጥፈው አያለሁ፣ ዝም እላለሁ፤ ጠላ የሚጠምቅ በሌለበት ቤት በጌሾ መጨቃጨቅ ምን ይሉታል። ልጃችን ማስተዋል ደብረ ኤልያስ እያስተማረች ናት፤ መንገዱ ሲመቻት እየመጣች ታየኛለች፣ አሁንም ትምህርት ስለተዘጋ እኔ ጋ ናት። የጓሮ ተከራያችን ሰልቪ ግን ልትሄድ ነው። ከዩኒቨርሲቲው ጋር የነበራት ውል አልቆ አገሯ ልትገባ ጓዟን እያሰረች ነው። ይህን ደብዳቤ የሚያስጽፈኝም የእሷ ነገር ነው።

እውነቱን ልንገርሽ፤ አንቺ ከሄድሽ በኋላ እህል አልወርድ አለኝ። የድሮው ጨጓራዬ ነው ብዬ ነበር፣ ግን ባሰ። የእድር ሴቶች እግዜር ይስጣቸው፣ ያላመጡልኝ የለም። ወጡ ሁሉ ግን በርበሬ ነው፤ አንድ ጉርሻ ስውጥ ከደረቴ እስከ እምብርቴ ይለበልበኛል፣ ሆዴ እንደ ከበሮ ይነፋል። ሱሪዬ ከወገቤ እየወረደ አስቸገረኝ። ሐኪሙ የሚያቃጥለውን ይተዉ፣ ለስለስ ያለ ነገር ጥቂት ጥቂት ቶሎ ቶሎ ይብሉ አለኝ። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ የንስሐ አባታችን ራሳቸው፣ ሕመምተኛ ነህ፣ ወተት ጠጣ ብለው ፈቀዱልኝ። እምቢ አልሁ። አንቺ ምጥ ላይ ሆነሽ እንኳ የጾምሽውን እኔ ለሆዴ ብዬ ልገድፍ? በቃ፣ ደረቅ ቂጣና ውሃ ይዤ ቀረሁ፤ እሱንም ግማሹን ለዶሮ ነበር የምሰጠው።

ማስተዋል መጥታ ስታየኝ በሩ ላይ ቆማ አለቀሰች። «አባባ፣ የእማን ጥቁር ሳላወልቅ አንተንም ልቅበር?» አለችኝ። መኖሩም መሞቱም እኩል ሆኖብኝ ነበር።

ከሁሉ የጎዳኝን ልንገርሽ፤ አትሳቂብኝ ብቻ። ቡሃቃሽ ነው። ከአርባሽ ድግስ በኋላ ሴቶቹ ዕቃ ሲያጥቡ ያንቺንም ቡሃቃ አንጠፍጥፈው፣ ፈትገው አጥበው፣ ጓሮ ፀሐይ ላይ ደፉት። ደግ አሰቡ እንጂ ክፉ አልሠሩም። እናትሽ በተጋባን ሰሞን ከይጁቤ የላኩልሽ እርሾ፣ ከሊጥ ወደ ሊጥ እያሻገርሽ ያን ሁሉ ዘመን ያኖርሽው፣ ከእጣቢው ጋር ሄደ። ቡሃቃው ተደፍቶ ሳየው ሁለተኛ የቀበርሁሽ ያህል ሆነብኝ። ለማንም አልተነፈስሁም፤ ጡረታ የወጣ መምህር ለእርሾ አለቀሰ ቢባል ማን ያዝንልኛል!

ሰልቪ መጀመሪያ የመጣች ጊዜ ትዝ ይልሻል? ሰው ህንድ ናት ሲል እሷ ራሷን እየነቀነቀች «ታሚል፣ ታሚል» ትል ነበር፤ እኛ አገራችሁ የት ነው ስንባል ጎጃም እንደምንለው መሆኑ ነው። ሥጋ አትበላ፣ ዕንቁላል አትበላ። አንቺም ለሰፈሩ ሁሉ፣ ይቺ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ነው የምትጾመው፣ ካህናቱንም ሳታስንቅ አትቀርም ብለሽ አወራሽላት። ከዚያ አንድ ዓርብ ቀን፣ ገና ቅዳሴው ሳይወጣ፣ ሩዝ በእርጎ ለውሳ ስትበላ ደረስሽባት። ወይ ጉድ! ፊትሽን ባየሽው። እኔ ጋ መጥተሽ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ «መምህር፣ ልጅቱ ገደፈች» ያልሽኝን ሳስበው እስከ ዛሬ ብቻዬን እስቃለሁ። ጾም ሳይሆን ኑሮዋ መሆኑ የገባሽ ኋላ ነው። እርጎና አሬራ በእነሱ ቤት የማዕድ መዝጊያ ነው፤ ሆድ ያበርዳል፣ የበሉትን ያወርዳል ይላሉ። አንቺም እናቴ ለሆድ ቁርጠት የምትሰጠኝ አሬራ አልነበር እንዴ ብለሽ ታረቅሻት።

ከዚያ በኋላማ የሁለታችሁ ጓዳ አንድ ሆነ። ራሳም የሚሉትን ቀጭን መረቅ አሳየችሽ። ቁንዶ በርበሬ፣ ከሙንና ነጭ ሽንኩርት ይወቀጥና ከቲማቲምና ከአገሯ በከረጢት ካመጣችው ጎምዛዛ ፍሬ ጋር ይፈላል፤ ሆድ ሲነፋ፣ ጉንፋን ሲይዝ ትኩሱን ይጠጡታል። አንቺ በተራሽ ነጭ አዝሙድ ብታሳያት ጮኸች፤ ለካ በእነሱም ቤት ሆዱን ለቆረጠው ልጅ የሚፈላለት እሱ ነው። አብሽንም ያውቁታል። ቋንቋ ሳትግባቡ እያሸተታችሁ ስትግባቡ እኔ ጋዜጣ የማነብ መስዬ እሰማችሁ ነበር።

ኢድሊ የሚሉት ትንንሽ የሩዝ ዳቦ ግን እምቢ አላት። ሩዝና አንድ ዓይነት ነጭ ክክ ከጥቂት አብሽ ጋር ትዘፈዝፋለች፣ ትፈጨዋለች፣ ሊጡ ኮምጥጦ ሲነሳ በትንንሹ እየቀዳች በእንፋሎት ታበስለዋለች። ዘይት የለው፣ በርበሬ የለው። በአገሯ ሙቀት ሊጡ አድሮ ይነሳል። በማርቆስ ብርድ ግን እንደ ጭቃ ተኝቶ ቀረ፤ ብትጠብቀው፣ ብትጠብቀው ወይ ፍንክች። የሊጡን ባልዲ ታቅፋ እንባዋ መጣ፣ አገሯ ናፍቋት ነበር መሰለኝ። አንቺ ከቡሃቃሽ አንድ ጭልፋ እርሾ ጨመርሽላት፣ ባልዲውንም በጋቢዬ ጠቅልለሽ ምድጃው ዳር አስቀመጥሽው። በማግስቱ ከነክዳኑ ገንፍሎ ጋቢዬን አለበሰው። እኔ ተቆጣሁ፣ እናንተ ተቃቅፋችሁ ሳቃችሁ።

እንግዲህ በዚያ ሁዳዴ፣ ምንም ሳልቀምስ በረንዳው ላይ ፀሐይ ስሞቅ፣ ሰልቪ ኢድሊ በሳሕን፣ ራሳም በኩባያ ይዛ መጣች። አልበላም ብዬ እጄን አወዛወዝሁ፤ ጾም ነው አልኋት። እሷ ግን ሳሕኑን ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችና በዚያ በኮልታፋ አማርኛዋ «ጾም ነው፣ መምህር። ሩዝ ነው፣ ክክ ነው። ወተት የለም» አለችኝ። ያንን የዓርቡን ነገር አልረሳችም! የቸገረው እርጉዝ ያገባል ብዬ ቆረስሁ።

ጥሩዬ፣ ገና አፌ ውስጥ ሳለ አወቅሁት። መልኩ ነጭ ነው፣ ገላው ሩዝ ነው፤ ኩምጣጤው ግን የቤታችን ነው። ያንቺ ነው። ቀና ብዬ አየኋት። እሷም የምጠይቃትን ያወቀች ይመስል «የእማማ ጥሩ እርሾ» አለችኝ። ለካ እንዳንቺው፣ አዲስ በፈጨች ቁጥር ከአሮጌው ጭልፋ እያስቀረች፣ ያን ሁሉ ጊዜ ጓሮ ክፍሏ ውስጥ ይዛው ኖራለች። እኛ አጥበን የደፋነው እሷ ዘንድ በሕይወት አለ።

አለቀስሁ። ቀብርሽ ላይ እንኳ እንደዚያ አላለቀስሁም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም የሚሉት እውነት ነው፤ አፌ ውስጥ ያለውን ሳልውጥ አለቀስሁ። አላባበለችኝም። ጎኔ ተቀመጠች፣ ሲበቃኝም ሌላ ጨመረችልኝ። በላሁት። ሆዴም አልነደደም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቀስ በቀስ ሰው ሆንሁ። ጠዋት ኢድሊ፣ ሲደክመኝ ደግሞ ካንጂ የሚሉት ቀጭን የሩዝ አጥሚት፣ ማታ ራሳም በሩዝ። ጾሙ ሲፈታ ከምግብ በኋላ አሬራ በዝንጅብልና በጨው አመጣችልኝ። ሕጓ ብዙ ነው፦ ትኩሱን ብላ፣ አላምጥ፣ አትቸኩል፣ ከመጥገብህ በፊት እጅህን ሰብስብ። እናቷ ናት ያስተማረቻት፤ እናቷንም እናቷ። መድኃኒት ነው ብዬ አልዋሽሽም፣ የሐኪሙንም ኪኒን አልተውሁም። ግን ኮምጥጦ የተነሳና በእንፋሎት የበሰለ ነገር ለደከመ ሆድ እንዴት እንደሚቀል በራሴ ሆድ አይቻለሁ። ማስተዋል ለፋሲካ መጥታ ጉንጬን ስትስመኝ፣ እሰይ፣ ሥጋ ጀመርህ አለችኝ።

ዘንድሮ ሰልቪ መሄዷን ስትነግረኝ ደነገጥሁ። እርሾሽ በማን እጅ ሊቀር ነው? እኔስ ምን ልበላ ነው? ስለዚህ ጓዳ ገባሁ። አዎ፣ እኔ! በሸማ ሽርጥ! ጎረቤቶቻችን በአጥሩ አሾልከው እያዩ፣ መምህር ጓዳ ገቡ እያሉ የሳቁትን ሳቅ ሰምተሽው ይሆናል። ይሳቁ።

መጀመሪያ ብቻዬን የሠራሁ ቀን ያደረግሁትን ስሚልኝ። ሊጡ ላይ ያቀረረውን ውሃ ቀድቼ ደፋሁ። ከዚያ ከሊጡ ቀንሼ በፈላ ውሃ አብሲት ጣልሁና መለስሁበት። ለኢድሊ አብሲት! ሰልቪ ድስቱን ስትከፍት እንደ ሙጫ የተጣበቀ ነገር አገኘች፤ እየሳቀች መሬት ላይ ዘፍ አለች። «ማን አሳየ?» አለችኝ። ማንም አላሳየኝም። አንቺ ለጤፍሽ ስታደርጊው ሳይ ኖሬ ነው። ዓይኔ ጋዜጣው ላይ ይመስል ነበር እንጂ እጅሽ ላይ ነበር ለካ፤ ውሃውን ስትደፊ፣ አብሲቱን ስታማስዪ፣ ጣትሽን ነክረሽ ስትቀምሺ። እኔም አላውቀውም ነበር። እመቤቴ፣ አይቼሻለሁ። በሕይወት ሳለሽ ብነግርሽ ምን ያህል ደስ ባለኝ።

ባለፈው ሳምንት ማስተዋል ስትመጣ ከሩዙ ሊጥ አንድ ጭልፋ ቀድቼ «የእናትሽ ነው» አልኋት። የጃጀሁ መስሏት አዘነችልኝ። ነገሩን ከነገርኋት በኋላ ጎንበስ ብላ አሸተተችው። ከዚያ ቡሃቃሽን ከቆጥ አውርዳ በጤፍ አቦካች። ቤቱ እንደ ድሮው ሸተተ፤ እኔም እሷም ሽታውን ፍለጋ እየተነሳን ጓዳው በር ላይ ስንት ጊዜ እንደተገናኘን እኛ እናውቃለን።

ሰልቪም ባዶ እጇን አትሄድም። ሰኔ ሳይገባ ሊጡን በጨርቅ ላይ ስስ አድርጋ አስጥታ፣ አድርቃ፣ ፈርፍራ ቋጥራዋለች። እናቷ ታሚል አገር ላይ ባንቺ እርሾ ኢድሊ ልታበስል ነው። እናትሽ ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር! እሳቸው ከይጁቤ ማርቆስ መላካቸው ራሱ ሩቅ ሆኖባቸው ነበር። ኢድሊ የምታበስልበትን ሳሕን ለእኔ ትታልኝ ትሄዳለች። ስትሰናበተኝ ምን እንደምላት አላውቅም። ባንቺ ስም አመሰግናታለሁ፤ ከዚያ በላይ አማርኛ የለኝም።

ለመታሰቢያሽ ሰው የሚያደርገውን ሁሉ አድርጌያለሁ፤ ፍትሐቱም ተዝካሩም አልጎደለብሽም። አንድ ነገር ግን ለማንም ያልተናገርሁትን ልንገርሽ። እህል አልወርድ ባለኝ ጊዜ በልቤ ደስ ብሎኝ ነበር። ወደ አንቺ መምጫ መንገድ መስሎኝ ነበር። ማስተዋል በሩ ላይ ቆማ ስታለቅስ እንኳ አላሳዘነችኝም፤ ይኸው ይህን ያህል ርቄ ነበር። አሁን አልቸኩልም። አስብሻለሁ፣ ጥሩዬ፤ አንድም ቀን ሳላስብሽ አልውልም፤ ግን በልቼ፣ ጠግቤ፣ በእግሬ ቆሜ ነው የማስብሽ። ጓዳ ገብቼ በገዛ እጄ እያቦካሁ አስብሻለሁ። ትቀየሚኛለሽ? አትቀየሚኝም፤ አውቅሻለሁ።

ማስተዋል ከወዲያ እየጠራችኝ ነው። ማዕዱን አቅርባለች፤ አባባ ካልመጣ አልቆርስም ብላ ተቀምጣለች። ልጅሽን ርቧታል። ልሂድና ልብላ።