ባንቺአየሁ የተመዘገበችበት ዓመት

ሰኞ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1946
ሁለተኛ ክፍልን ንባብ ሳስተምር ዋልኩ። በመስኮቱ በኩል አንዲት ልጅ አየሁ። ከልጆቹ እኩል ታነባለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ወጥቼ ጠራኋት። ባንቺአየሁ ትባላለች። ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው። እናቷ ሞታለች። አባቷ ሥጋ ደዌ ይዟቸው አምና ከመካነ ብርሃን ለጠበል መጡ፤ አሁን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ይለምናሉ።
"ፊደል ማን አስተማረሽ?"
"እርስዎ" አለችኝ።
ለካ ከአምና ጀምሮ እዚያ ነበረች... እንዴት ሳላያት ቀረሁ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 11
አባቷ ዘንድ ሄድኩ። አያ አለነ ይባላሉ። ገና ስቀርብ "ይራቁ እሜቴ!" አሉኝ። ልጅዎን ላስመዝግባት አልኳቸው።
"ምነው እሜቴ? ያባርሯታል እኮ። እኔስ መባረሩን ለምጀዋለሁ። እሷ ግን..."
አልጨረሱትም። ልሞክር አልኩ ብቻ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 13
ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሙ ጀርባዋን፣ ጆሮዋን፣ እጆቿን አገላብጦ አየ። ምንም የለባትም። ወረቀት ጻፈልኝ።
ወረቀቱን ለዳይሬክተራችን ለአቶ ዳኛው ሰጠሁ።
"ወላጆች ወረቀት አያዩም። ልጆቻቸውን ይዘው ይሄዱብናል።"
"እርስዎስ ያምኑታል?"
"ወይዘሮ ሐረገወይን፣ እርስዎ ልጅ የለዎትም። አይገባዎትም።"
ክው አልኩ። ግን አልወጣሁም፤ እዚያው ቆምኩ። ወረቀቱን መልሰውልኝ "አንድ ወር ትሞከር። ሰው ከሸሸ ትወጣለች" አሉ።
እንባዬ ቤት እስክደርስ ጠበቀኝ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 16
ገባች። ከኋላ፣ ብቻዋን። ልጆቹ ወንበራቸውን ወደ ፊት ሳቡ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 19
ሰባት ልጆች ቀሩ። አቶ ዳኛው በሩ ላይ ቆመው ቆጠሩ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 23
የጨርቅ ነጋዴው አቶ ሸሪፍ ልጃቸውን ራቢዓን ሊወስዱ መጡ። ስምንተኛ... አልኩ በልቤ።
"ሐኪም አይቷታል?"
"አይቷታል።"
"ወረቀቷስ?"
አወጣሁላቸው። ማንበብ አይችሉም፤ ለራቢዓ ሰጧት። በጣቷ እየተከተለች፣ እየተደናቀፈች "ከ... በሽታው... ነጻ ናት" አለች።
"ድገሚው።"
ደገመችው።
አቶ ሸሪፍ ወረቀቱን መለሱልኝ። "ልጄ ያነበበችውን ካላመንኩ ለምን አስተምራታለሁ?" አሉና ወደ ሱቃቸው ሄዱ።
ራቢዓ ቦርሳዋን አንስታ ከኋላ፣ ባንቺአየሁ አጠገብ ተቀመጠች። ማንም አላዘዛትም።

ሕዳር 20
ከሰባቱ አምስቱ ተመልሰዋል። ወሩ አልፏል። አቶ ዳኛው አላነሱትም። እኔም አላስታወስኳቸው።

ዓርብ፣ ሰኔ 25
የዓመቱ መዝጊያ። ሁለቱ ልጆች እንደቀሩ ቀሩ። ባንቺአየሁ ሦስተኛ ወጣች፤ ወላጆች ፊት እንድታነብ ተጠራች።
አያ አለነ ከግቢው በር ውጭ ቆመዋል። ይግቡ ብላቸው እምቢ አሉ። አቶ ዳኛው ከመቀመጫቸው ሲነሡ ሊያርቋቸው መሰለኝ፤ ሮጬ ተከተልኩ። እሳቸው ግን አንድ አግዳሚ ወንበር አንስተው፣ ራሳቸው ተሸክመው በሩ ድረስ ሄዱ።
"አያ፣ ይቀመጡ።"
አያ አለነ ጫፉ ላይ ተቀመጡ። አቶ ዳኛውም በሌላው ጫፍ ተቀመጡ። ልጅቱ ማንበብ ጀመረች።
"የእርስዎ ልጅ የትኛዋ ናት?" አሏቸው አቶ ዳኛው፤ እያወቁ።
አያ አለነ ጣት በሌለው እጃቸው አሳዩአቸው።