የጣርማ በር ዳገትና ሁለቱ የአየር መግፊያዎች

ሰኞ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.፣ ደብረ ብርሃን

መኪናዬ ዛሬም ጣርማ በር ላይ ትንፋሽ አጠራት። ሜዳ ላይ የሚደርስባት የለም፤ ዳገት ሲሆን ግን ታቃስታለች። መፍትሔው አየር ወደ ሞተሩ እየገፋ የሚያስገባ መሣሪያ ነው አሉኝ። ሁለት ቀርቦልኛል። የዚሁ ከተማ ጣሊያን መካኒክ ያመጣው ዳገቱን ያስወጣኛል፤ ግን ያረጀውን ሞተሬን ያቃጥለዋል። አንድ ነጋዴ ከአዲስ አበባ ያመጣው ለሞተሩ ይራራል፤ ግን ኃይል የሚሰጠው በፍጥነት ስሄድ ብቻ ነው። በአንደኛ ማርሽ እየተንፏቀቅሁ ምን ፍጥነት አለኝ? ሁለቱም ነገ ቁርጡን ንገረን ብለውኛል።

ዛሬ አባባን ጉልበታቸውን ላሳክማቸው ከደብረ ሲና ሳመጣቸው፣ ከጣርማ በር ዋሻ በታች መኪናዋ ቀጥ አለች። ሳልጠይቃቸው በሩን ከፍተው ወረዱ።

«አባባ፣ ኧረ በእግዚአብሔር ይቀመጡ!»

«እኔ ስወርድላት ይቀላታል» አሉና መቋሚያቸውን ተደግፈው ዳገቱን ተያያዙት። እኔ ጤነኛው፣ ባዶ መኪና እየነዳሁ ከኋላቸው አዘገምኩ። ዋሻው አፍ ላይ በብርድ እየተንቀጠቀጡ ጠበቁኝ። ስደርስ የመኪናዋን አፍንጫ እንደ በቅሎ መታ መታ አድርገው «አይዞሽ» አሏት።

ሐኪሙ ዘንድ ደርሰን ቤቴ ገብተናል። የቱን መሣሪያ እንደምወስድ አሁንም አላውቅም። አንዱን ሳነሳ ሌላውን እጥላለሁ፣ መልሼ አነሳዋለሁ። አባባ ጉልበታቸውን በቅቤ እያሹ ቀና ብለው አዩኝ።

«መመለሻው ቁልቁለት አይደል? ምን ያስጨንቅሃል?»

ሐኪሙ በየወሩ ይምጡ ማለቱን ገና አልነገርኳቸውም።