ደበሎ የለበሰ ጋን

ሰኞ፣ ኅዳር ፮

ዛሬም ድምፅ የለውም። ፊቴን ሳልታጠብ ጆሮዬን ጋኑ ሆድ ላይ ለጠፍኩ። ዝም። ክንዴን በአንገቱ ሰደድኩ፤ ድፍድፉ እንደ ምንጭ ውኃ ይበርዳል። ጌሾው ጥሩ ነው፣ ብቅሉ ጥሩ ነው፣ እንኩሮውንም ራሴ ነኝ የቆላሁት። የጎደለው ሙቀት ብቻ ነው። ባደግሁበት ቆላ፣ ከአልዩ አምባ ወዲያ፣ ጠላ ስንጠምቅ ለጋኑ ጥላ ነው የምንፈልግለት፤ ራሱ ይፈላል። አንኮበር ግን ኅዳር ሲገባ ውርጩ ደጁ ላይ ተነጥፎ ያድራል።

እሑድ የሚካኤል ማኅበር እኛ ቤት ነው። ያለፈው ወር ተራ የአስካለ ነበር። አስካለ ማለት የባሌ የኃይሌ የቀድሞ ሚስት ናት። ሲፋቱ ንብረቱን እኩል ተካፈሉ፤ ከጥንዶቹ ጋኖች አንዱን እሷ ወሰደች፣ አንዱ እኔ የምጠምቅበት ይኸው ነው። ማኅበር ግን አይካፈሉትምና ሦስታችንም በየወሩ አብረን እንቀመጣለን። ያን ቀን ኃይሌ ጠላዋን ጨልጦ «ይሄስ ጠላ ነው!» ብሎ ዋንጫውን ድጋሚ ዘረጋ። ድጋሚ! ካገባኝ ሁለት ዓመቱ፤ ለኔ ጠላ አንድ ቀን ድጋሚ ዘርግቶ አያውቅም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፯

ከጋኑ ሥር ገለባ ጎዘጎዝኩ። አፉን በጭቃና በጨርቅ ደፈንኩ። በሩን ቀኑን ሙሉ ዘጋሁ፤ በጭስ ልሞት ነበር። ምንም።

ኃይሌን፣ ያንን የበግ ቆዳ ደበሎዎን ይስጡኝ፣ ጋኑን ላልብሰው፣ አልኩት። (ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን «እሱ» ይበቃዋል፤ እንኳንም አባቴ ፊደል አስቆጠረኝ፣ እንኳንም እሱ ማንበብ አላወቀ።) «አውሼዋለሁ» አለ። ለማን? «ለሰው።» በዚህ ብርድ ደበሎውን ለሰው የሚያውስ ሰው አይቼ አላውቅም። ጠዋት ኮርቻ ወደሚሠራበት ዳስ ሲወጣ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ እያሳለ ነበር። ቀኑን ሙሉ «ሰው» ያለው ማንን ይሆን ስል ዋልኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር ፰

ምንጭ ወርጄ ከማን ጋር ልገጣጠም? ከአስካለ። እንስራዋን እያጠበች ጋኔ ፈልቶ እንደሆን ጠየቀችኝ። ዐይኔን ሳላሽ «ሲንተከተክ ነው የሚያድረው» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና «አደራ፣ እሳት እንዳታስጠጊበት። የደጋ ጋን የሚሞቀው በልብስ ነው» አለች።

ምን አገባት? አንቺ ትተሽው በሄድሽው ቤት እኔ አለሁበት፣ አልኳት። በልቤ ነው ያልኳት። ባፌማ «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ነው የመጣሁት።

ቤት እንደገባሁ ጋኑን ምድጃው ጥግ ድረስ እየገፋሁ አስጠጋሁት። ዙሪያውን ፍም ደረደርኩ። በልብስ ይሞቃል ካለችኝ እኔ በእሳት አሞቀዋለሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር ፱

ፈላ! ጠዋት ጆሮዬን ሳስጠጋ ሽሽሽ ይላል። እልልታዬን በነጠላዬ አፈንኩት። ክንዴን ብሰድበት ጥጃ እንደጠባው ጡት ሞቆኛል። ውኃውን ጨምሬ መልሼ ደፈንኩት፤ ለእሑድ ይደርሳል። ብቻዬን እየሳቅሁ ዋልኩ። እሑድ ኃይሌ ዋንጫውን ሲዘረጋ የአስካለን ፊት ነው የማየው።

ከሰዓት በኋላ ኃይሌ መጣና እጁን ጋኑ ላይ አሳርፎ ወዲያው አነሣ። በዛ፣ ፍሙን አንሺው፣ አለኝ። «ጠላ ጠመቃ ማን አስተማረዎ?» ብለው ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። ከአስካለ እንደተማረው አላጣሁትም። አንድ እፍኝ ፍም ጨመርኩበት።

ዓርብ፣ ኅዳር ፲

ኮመጠጠ። መክደኛውን ሳነሣ ሽታው አፍንጫዬን ሰነጠቀው። ቀመስኩት፣ ተፋሁት፤ ምናልባት አፌ ይሆናል ብዬ ደግሜ ቀመስኩት። አፌ አይደለም። ምድጃው ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ከዚያ ዕንባዬን ጠርጌ፣ ወንፊት መዋስ ነው ብዬ አስካለ ቤት ሄድኩ። የሄድኩት ወንፊት ፈልጌ አይደለም። እሷ ጓዳ ስትገባ እኔ ወደ ጥጉ አየሁ። ጋን ቆሟል። የኃይሌን ደበሎ ለብሷል። ከትከሻው የተሰፋውን እኔ ነኝ የሰፋሁት፣ አይጠፋኝም።

«ይሄ የማን ደበሎ ነው?» አልኳት ወንፊቱን ይዛ ስትመጣ።

አልደነገጠችም። «ደበሎው የባልሽ ነው። ጋኑ ያንቺ ነው።»

አልገባኝም። አስቀመጠችኝና ነገረችኝ። ሰሞኑን መጥቶ ለመናት። ሚስቴ የቆላ ልጅ ናት፣ ይሄን ብርድ አታውቀውም፣ ማኅበርተኛ ፊት እንዳታፍርብኝ አንድ ጋን ጥመቂልኝ፣ አላት። እሷም፣ ለራሴ እንኳ የማለብሰው ያለቀ አጎዛ ነው፣ መሸፈኛ አምጣ ስትለው ከትከሻው አውልቆ ሰጣት። «ምን ታደርጊዋለሽ፣ ጋን በጠጠር ይደገፋል» አለችኝ። ጋኗ እሷ፣ ጠጠሯ እኔ መሆኔ ነው? ወይስ በተቃራኒው? መንገዱን ሙሉ ሳሰላስለው መጣሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር ፲፩

ኃይሌን አላናገርኩትም። ምን ልበለው? ስላሰበልኝ ልመርቀው፣ ወይስ እጄን ስላላመነ ልርገመው? ሰው ሚስቱ እንዳታፍር ብሎ የፈታት ሚስቱ ደጅ ይሄዳል? ይሄዳል ለካ። እየበረደውም ይሄዳል። ሲያስለው እሰማዋለሁና አንጀቴ ይላወሳል፤ የደበሎው ነገር ትዝ ሲለኝ መልሶ ያርራል።

ወይ ኮምጣጣ አቅርቤ ልዋረድ፣ ወይ የጣውንቴን ጠላ አቅርቤ ልመስገን። ሌላ መንገድ የለኝም። አመሻሹ ላይ እንስራ አዝዬ ወጣሁ። አስካለ እንስራውን እስከ አፉ ሞላችልኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ፣ ኅዳር ፲፪

ሁሉም ጠጡ። የማኅበሩ አለቃ፣ ሙሴው፣ ዋንጫውን አስቀምጦ ተነሣና «እጅሽ ይባረክ! የዛሬስ ጠላ ልዩ ነው» አለ። አፌን ከፈትኩ፤ እጁ የኔ አይደለም ልል ነበር። አጠገቤ የተቀመጠችው አስካለ ጉልበቴን ቆነጠጠችኝ። «አሜን በይ እንጂ» አለች በሹክሹክታ። አሜን አልኩ። እንደዚያ የመረረ አሜን ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

ኃይሌ ዋንጫውን ድጋሚ ዘረጋ። ሁለት ዓመት የጠበቅኩት ነገር ነው። ሞላሁለት። ዐይኑን ከዐይኔ አሸሸ፤ እኔም አሸሸሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፲፬

ትናንት አዲስ ጠነሰስኩ። አስካለን ጠራኋት፤ ራሴ ነኝ የጠራኋት። እጄን ይዛ ጋኑ ውስጥ ከተተችው። መዳፍ ይዋሻል፣ የክንድሽን ውስጥ አምኚ፣ ለብ ሲል ተዪው፣ ሲቀዘቅዝ አልብሺው፣ ፍም ግን ወዲያ በዪው፣ አለችኝ። ደበሎውንም አጥፋ አመጣችልኝ። ስትወጣ ቂጣ አሲያዝኳት። ወድጃት አይደለም።

ዛሬ ጠዋት ኃይሌ ሊወጣ ሲል፣ መመለሱን ሰምቶ ኖሮ፣ ደበሎውን ፈለገ። መደቡ ላይ አጣው፣ ሰቀላው ላይ አጣው። ከዚያ ጥጉን አየ፤ ጋኔ ደበሎውን እስከ አንገቱ ለብሷል። እኔን አየኝ፣ ጋኑን አየ፣ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ወጣ። ሲስቅ የሰማሁት መሰለኝ፤ ሳልም ሊሆን ይችላል።

ጋኑ ገና ድምፅ የለውም። ክንዴን ስሰድበት ግን ለብ ብሏል። ኃይሌ አሳዘነኝ፤ ደጁ በጣም ይበርዳል። ቢሆንም ደበሎውን አላነሣሁም። ለአስካለ ጋን የበረደው ለኔም ጋን ይብረደው።