የጥሩምባ ትንፋሽ

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ወሩ በገባ በዘጠነኛው ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣ እናቴ ለምልሽ፤

እንዴት ነሽልኝ? ሥራሽ፣ እንቅልፍሽ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ወንድምሽም፣ ያው ጥሩምባችን፣ ደህና ነው። ይህን ደብዳቤ እስክትጨርሺ ድረስ "ደህና ነው" ያልኩሽን አትርሺብኝ፤ መሐል ላይ የሚያስደነግጥ ነገር አለና።

ባለፈው ስትደውዪ "ጥሩምባ የት ሄዶ ነው የማያነሳው?" ብትዪኝ "ስልኩ ተበላሽቶ ነው" አልኩሽ። ስልኩ ደህና ነበር፤ የተበላሸው እሱ ነበር። ልነግርሽ ብል ድምፄ ያሳብቅብኛል ብዬ ፈራሁ። አሁን ክፉው አልፏልና ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ። የምጽፈው እዚሁ ሆስፒታል፣ አልጋው አጠገብ፣ ጎማ ባላት የምግብ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ መስመሩ ከተጣመመ በእሷ አሳቢ።

ነገሩ የጀመረው በተራ የሆድ ሕመም ነው። እሱ ተሻለውና ሰንበት ብሎ እግሩን ደነዘዘው። ረዳት ሆኖ ከሚሠራበት አውቶቡስ ሲወርድ ጉልበቱ ከዳው፤ ተሳፋሪው "ምን ጠጥተህ ነው?" ብሎ ሳቀበት። በማግስቱ ደረጃ መውጣት አቃተው፤ ከዚያ ብርጭቆ ከእጁ ወደቀ። ከጎረቤት ጋር ተሸክመን አመጣነው። የበሽታው ስም የፈረንጅ ነው፤ ብጽፈውም አበላሸዋለሁ። ሐኪሙ የነገረኝን እንደገባኝ ልንገርሽ። ሰውነት በሽታን የሚከላከልበት ጦር አለው። ያ ጦር የሆዱን ሕመም ድል ካደረገ በኋላ ወደ ሰፈሩ አልተመለሰም፤ የገዛ ወገኑን ጠላት መስሎት ነርቩን ይመታ ጀመር። ከእግር ተነስቶ ወደ ላይ ይወጣል።

"እግሩን አይደለም የምፈራው፣ አባባ" አለኝ ሐኪሙ። "እግር ይመለሳል። የምፈራው ደረቱ ጋ ሲደርስ ነው።"

በደም ሥሩ የሚንጠባጠብ መድኃኒት ጀመሩለት። የምትከታተለው ሲስተር ቀጭን፣ ንግግሯ ቁጥብ፣ ሳቋ ግን ለክፍሉ ሁሉ የሚበቃ ልጅ ናት። ግፊቱን ትለካለች፣ የልቡን ምት ታያለች፣ ውሃ አስጎንጭታ አዋዋጡን ትመለከታለች። ከዚያ አንዴ አየር ስቦ፣ በዚያው ትንፋሽ፣ ሳያቋርጥ እንዲቆጥር ታዘዋለች። የሚደርስበት ቁጥር እያነሰ ከሄደ ደረቱ እየደከመ ነው ማለት ነው።

ወንድምሽን ታውቂው የለ?

"ሲስተር፣ ቁጥር እንቅልፌን ያመጣዋል። ፌርማታ ልጥራ?"

"ጥራ እስቲ።"

"ገበያ፣ ድልድይ፣ ወፍጮ ቤት፣ ትምህርት ቤት" ብሎ ጀምሮ መስመሩን በሙሉ ከመነሻ እስከ መጨረሻ በአንድ ትንፋሽ ለቀቀው። ጎኑ የተኛው ጡረተኛ መምህር "ወራጅ አለ!" ብሎ ጮኸ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲያ ሲስተር ብቅ ስትል በሽተኛው ሁሉ ጆሮውን ያቆማል። እሱም ሁልጊዜ መጨረሻው ፌርማታ ይደርሳል። እግሩ ሙት ነው፣ እጁ ማንኪያ አይዝም፤ እኔ ግን በልቤ "ተመስገን፣ ደረቱ አልተነካም" እላለሁ።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ እንደ ወትሮው አስጠራችው። ደረሰ። እሷ ግን አልሳቀችም። መዳፏን ከጎድን አጥንቱ ሥር አስቀመጠችና "ድገምልኝ" አለችው። ደገመላት።

"ጥሩምባ፣ ትሰርቃለህ።"

"ኧረ በፈጠረሽ! እኔ? ምንሽን?"

"ትንፋሽ። ድልድዩና ወፍጮ ቤቱ መሐል ሹልክ አድርገህ ትስባለህ።"

እንደማያውቀው ማለ፤ እውነቱንም ነው። አውቶቡስ በር ላይ ተንጠልጥሎ ቀኑን ሙሉ ሲጣራ የኖረ ልጅ፣ ጥሪውን ሳያቋርጥ አየር መቅመስ ለምዷል። በሽታው ውስጥ ለውስጥ ሲገሰግስ ሙያው ይሸፍንለት ነበር።

"እንግዲያው 'አ' በል። የቻልከውን ያህል ሳብልኝ።"

"አ" የሚሰረቅበት ቀዳዳ የለውም። "አ…" አለና እንደ በሰበሰ ክር ብጥስ። እንደገና፤ ብጥስ። መምህሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

አልጮኸችም። ሐኪሙን ጠራችው፤ እሱም በመሣሪያ ለክቶ "አሁኑኑ እንውሰደው፤ እስኪታፈን አንጠብቅም" አለ። ጀምበር ሳትጠልቅ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገባ። በጉሮሮው ቱቦ አግብተው ማሽን ይተነፍስለት ጀመር። ትንሽ ብንዘገይ ምን ይሆን እንደነበር ሐኪሙ ነግሮኛል፤ እኔ ግን አልጽፈውም።

ልጄ፣ ጥሩምባ ዝም ብሎ አይተሽው ታውቂያለሽ? ተኝቶም ያወራ የለ! እዚያ ግን ዓይኑ ብቻ ቀረ። ገብቼ የዚያን ክፍል ነርስ፣ አንድ ጎልማሳ ሰውዬን፣ በሹክሹክታ "ይተርፋል?" ብዬ ብጠይቀው ቆጣ አለ።

"አባባ፣ እዚህ መንሾካሾክ የለም። ሰውነቱ ነው እንጂ የደከመው አእምሮው ሙሉ ነው። ሁሉንም ይሰማል። እሱን ራሱን ያናግሩት።"

ዓይኑን ወደ ላይ ካደረገ አዎ፣ ወደ ታች ካደረገ አይደለም። በዚህ እናወራ ጀመር። ነርሱ ምንም ሳይነግረው አይነካውም፤ "ጥሩምባ፣ ጀርባህ እንዳይቆስል ላገላብጥህ ነው"፣ "ዓይንህ እንዳይደርቅ ጠብታ ላደርግልህ ነው" ይለዋል። ግፊቱ ያለ ምክንያት ሽቅብ ይወጣል፣ መልሶ ቁልቁል ይወርዳል፤ ሰውዬው ከመስኮቱ ላይ ዓይኑን አይነቅልም። የመስታወት መስኮት አይደለም የምልሽ፤ የልብ ምት የሚታይበትን ነው።

እኔ ደግሞ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ የማውቀውን አደርጋለሁ። "ልጄን አትውሰድብኝ" እል ነበር። አንድ ቀን ጸሎቴን ራሴው ሰማሁት። ለማን ነው የምለምነው? እናትሽን ከቀበርን ወዲህ ቤቱን የሚሞላው የእሱ ጩኸት ነው፤ ዝምታውን ፈርቼ ኖሯል የምለምነው። አፈርኩ። ከዚያ በኋላ "ትንፋሹን ለእሱ ስጠው፤ የእኔን ነገር በኋላ እንነጋገራለን" አልኩት። እንዲህ ያለ ድፍረት ይቅር ይባል እንደሆነ አላውቅም። ብቻ ቀለል አለኝ።

ተሰጠው! መጀመሪያ ትከሻው ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ማሽኑን ጥቂት በጥቂት እየቀነሱ፣ እሱ እየጨመረ። ቱቦው በሚወጣበት ቀን ሲስተርም ሥራዋን ጨርሳ መጥታ ነበር። አወጡለት፤ ሳለ፣ ሳለ፣ እሷን አያትና በሻከረ ድምፅ የመጀመሪያ ቃሉን ተናገረ።

"ሂሳብ!"

ሲስተር ሳቀች፣ ሳቋ ወደ ልቅሶ ዞረ፣ መልሳ ሳቀች። የቁጡው ነርስ እንኳ ጥርሱ ታየ።

ወደ ቀድሞ ክፍሉ ከመለሱት በኋላ፣ ዛሬ ጠዋት ደግሞ እግር የሚያለማምደው ባለሙያ ሁለት ብረት መሐል አቆመው። ቆመ፣ ልጄ! ብረቱን ለቀቀና አንድ እግሩን አነሳ፣ አስቀመጠ፣ ሌላውን አስከተለ። ሐኪሞቹ ፊት ለፊቱ ተኮልኩለው ሲያዩት "መንገድ ልቀቁ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ!" ብሎ ጮኸባቸው። መምህሩ አልጋው ላይ ሆኖ አጨበጨበ፤ ክፍሉ ሁሉ ተከተለው። ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገባ መሰለኝ፣ እኔ ትንሽ ወጣ ብዬ ተመለስኩ። ወደ ሥራው ለመመለስ ገና ወራት ይፈጅበታል፤ ግን ይመለሳል ብለውኛል።

ቤቱም ደህና ነው። አንዳንዴ ሳላስበው ሦስት ብርጭቆ አውጥቼ ሁለቱን እመልሳለሁ፤ እርጅና ነው። ስለዚህ አትጨነቂ። ሥራሽን ጥለሽ እንዳትመጪ። ለማወቅ ያህል ብቻ ግን፣ ፈቃድሽ የሚደርሰው መቼ ነው?

እንጀራሽን ይባርክልሽ። በምትወጪበት በር በደህና ያስገባሽ። ጤና ይስጥሽ፤ ትንፋሽ ስትስቢም እንደ ተራ ነገር አትይው።

የሚወድሽ አባትሽ

ከዚህ በታች ያለው የወንድምሽ ነው። እስክሪብቶ ከያዘ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነውና በፊደሉ አትሳቂ። እንዳላነበው በክንዱ ጋርዶ ነው የጻፈው።

እህት ዓለም፤ አባባ አትምጪ ያለሽን ተዪው። የክፍሉ በር በተከፈተ ቁጥር አንቺ የመጣሽ እየመሰለው ብድግ ይላል። ነይ።