የሌሊሴ ጥርስ

ሰኞ፣ የካቲት 3፣ ጠዋት 4፡30
ደብተሬ፣ ዛሬም ኮምፒውተር ላይ የፎቶ ፊት እያለሰለስኩ ነው። ሦስት ሙሽራ፣ አንድ ተመራቂ፣ አንድ ፓስተር። ብጉር ማጥፋት፣ ቆዳ ማቅላት፣ ጥርስ ማንጣት። ማንም ሳያስተምረኝ ቪዲዮ እያየሁ የለመድኩት ነው። የስቱዲዮው ባለቤት ሰ. ግን ለደንበኛ «ማሽኑ ነው የሚሠራው» ይላል። እኔ ስቀር ማሽኑ ለምን አይሠራም ታዲያ?

አዴ ጫልቱ የሚባሉ እናት ከደራ መጡ። ልጃቸው ሌሊሴ ሞታባቸዋለች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። እሑድ አርባዋ ነው። ስልኳን ይዘው መጥተው፣ ይቺን ፎቶ ትልቅ አድርገሽ ፍሬም አድርጊልኝ አሉ። ልጅቷ አፏን ከፍታ እየሳቀች ነው። ቅዳሜ ይምጡ አልኳቸው፣ ስልኩን ትተውልኝ ሄዱ።

ሠራሁት። አሪፍ ወጣ።

ረቡዕ፣ 5
አዴ ጫልቱ ለገበያ መጥተው ጎራ አሉ። ስክሪኑ ላይ አሳየኋቸው። ቀረብ ብለው አዩና ይቺ የማን ልጅ ናት አሉ። የእርስዎ ናት እማማ፣ ትንሽ አሳምሬያት ነው አልኩ። ጥርሷስ? ጥርሷን የት አደረግሽው?

ቡናማ ነበር፣ ደብተሬ። ይሄ የስምጥ ሸለቆ ጉድጓድ ውሃ የሚያቀልመው ጥርስ። የኔም እንደዛው ነው፣ መቂ ነው ያደግኩት። አፌን በእጄ ሳልሸፍን ስቄ አላውቅም። ማንጣት ስድብ ነው እንዴ? ስንቱ ነው ጥርሴን አደራ እያለ የሚለምነኝ።

«እሷን መልሺልኝ» አሉ። ችግር የለም ብዬ ኦሪጅናሉን ልከፍት ሄድኩ።

የለም።

ስልኩን በገመድ ሰክቼ፣ ኮፒ ሳላደርግ፣ እዛው ስልኩ ውስጥ ያለውን ከፍቼ ነው የሠራሁት። ራሱ ላይ ሴቭ። እዚህ ቤት ሁሌ ቶሎ በይ፣ ቶሎ በይ ነው። ሌላ ፎቶ ፈለግኩ። ሃምሳ ምናምን አለ። ሁሉም ላይ አፏን ገጥማለች። የሳቀችው እዛች አንዷ ላይ ብቻ ነበር። ለምን እንደምትገጥም ከኔ በላይ ማን ይገባዋል።

አልነገርኳቸውም። ቅዳሜ ይደርሳል አልኩ። ፈሪ።

ሐሙስ፣ 6
በብሩሽ ቡናማ ቀባሁ። የዛገ ቆርቆሮ መሰለ። አጠፋሁ። ቢጫ ጨመርኩ። ጫት የቃመች መሰለች። ስምንት ጊዜ። ሰው የሚያደንቀው እጄ አንድ የቆሸሸ ጥርስ መሥራት አቃተው። ማጥፋት ብቻ ነው ለካ የተማርኩት።

ሰ. ይስቃል። ለሞተች ልጅ ጥርስ ቢነጣ ምን አለበት፣ ስጫቸውና ይሂዱ አለ። አንተ ጥርስህ ነጭ ነው፣ ዝም በል አልኩት።  

ዓርብ፣ 7፣ ከሰዓት 9፡00
መስኮቱ ጋ ቆምኩ። ስልኬን አፌ ድረስ አስጠግቼ ሳቅኩ። አስቀያሚ ሳቅ። አሥራ አንድ ጊዜ አነሳሁ። ጥርሴን ፎቶ ሳነሳው የመጀመሪያዬ ነው። ቆረጥኩት፣ ሌሊሴ አፍ ውስጥ አስገባሁት፣ ብርሃኑን አስማማሁ።

ቁጭ አለ።

ግን የሷ አይደለም፣ የኔ ነው። ልጇ የሞተባትን እናት ላታልል ነው?

ቅዳሜ፣ 8
መጡ። ፍሬሙን ሰጠኋቸው። መስታወቱ ላይ ጣታቸውን በከንፈሯ አሳለፉ። ከዚያ ሳሟት። አፏን። የኔን ጥርስ።

አልቻልኩም። እማማ፣ የልጅዎን ሳቅ ያጠፋሁት እኔ ነኝ ብዬ ጀመርኩ። እሳቸው የሚያዩት ግን አፌን ነበር። በእጄ መሸፈኑን ረስቼዋለሁ። ፎቶውን አዩ። እንደገና አፌን። አወቁ።

ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅኩ። ምነው በጮሁ። ፍሬሙን በነጠላቸው ጠቀለሉት። የሷ የፊተኛው ትንሽ ሸረፍ ያለ ነበር አሉ፣ ቀስ ብለው። ስልኳን ተቀበሉኝ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር ብለው፣ ነገ ለአርባዋ ነይ ልጄ፣ ደራ መናኸሪያ ወርደሽ የሌሊሴን ቤት ብትይ ያሳዩሻል አሉኝ።

ምን ብዬ ነው የምሄደው? የመጣው ሰው ሁሉ ፎቶውን ያያል፣ እኔ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ። አፌን ልሸፍን? የሷን እንደ መሸፈን ሆነብኝ።

ለሰ. ነገ የለሁም አልኩት። እሑድ ሰርግ አለ፣ ማን ሊሠራ ነው አለኝ።

ማሽኑ ይሥራ።